ግድግዳው ባዶ የቀረበት ከሰዓት

«ፊልም ሠርተሽ ነበር አሉ፤ ለምን ተውሽው?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። «አልሆነልኝም» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሙሉው በአንድ ከሰዓት የሆነ ነገር ነው። ጊዜ ካላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። ሌሎች የቀረጹትን ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ዘፈን እጨምርበታለሁ። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ሲስቁ፣ ሲያለቅሱና ሲጎራረሱ እያየሁ እውላለሁ። ብዙ የማላወራ፣ ብቻዬን መሥራት የምወድ ልጅ ነበርኩ። ተዋናይ መሆን በሐሳቤም አልነበረም።

ሚኪ ካሴት ሊያስገለብጥ እኛ ጋ የሚመላለስ ልጅ ነው። ጊዜው የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን የፈላበት ነበር፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ ወይ የፍቅር ወይ የኮሜዲ ፊልም ይሠራል። ሚኪ ግን ስለ ወደፊቷ አዲስ አበባ ካልሆነ አልሠራም ብሎ ተነሣ። በእሱ ታሪክ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ለሥራ ከምድር ውጪ ወዳለ ፕላኔት ሄዷል። ካዛንቺስ የቀሩት ወላጆች ናቸው። በየቤቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሙሉ በሙሉ ስክሪን የሆነ አንድ ግድግዳ አለ። ወላጆች ግድግዳው ፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ልጃቸው ቤቱን የምታህል ሆና ትታያቸዋለች፤ ያወራሉ። ርቀቱ ከባድ ስለሆነ ግን ቃል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አባት ተናግሮ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጅ ሰምታ ትመልስና እሷም በተራዋ ትጠብቃለች። ሚኪ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንን ዝምታ ነበር። «ማለቴ፣ ፊልሙ ያለው ወሬው ውስጥ አይደለም፤ ዝምታው ውስጥ ነው» ይለን ነበር።

ልጅቷን እንድትጫወት የታሰበችው ተዋናይት ሌላ ፊልም አግኝታ ቀረች። ሚኪ እኛ ጋ ቁጭ ብሎ ይህን ሲያማርር ቆይቶ ድንገት ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ።

«አስቱ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሰው ማየት ትችያለሽ አይደል? በቃ፣ ሥራው እሱ ነው።»

እምቢ አልኩት። ደጋግሞ ለመነኝ። በመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሆነ ብዬ ገባሁበት።

አባትየውን የሚጫወቱት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ቂርቆስ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ሱቁን ለትልቁ ልጃቸው ለቀው እቤት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ድሮ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ተውነው ነበርና ሚኪ ሲጠይቃቸው አላቅማሙም። ሁለት ወንዶች እንጂ ሴት ልጅ የላቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ስለ ፊልሙ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከነገሯቸው «በዚህ ዕድሜህ?» እንደሚሏቸው ስላወቁ፣ ሲያልቅ ሲኒማ ቤት ወስደው ድንገት ሊያሳዩአቸው አስበዋል። እስከዚያው ወደ ካዛንቺስ በመጡ ቁጥር ሰንጋ ተራ ወዳጄ ጋ ነኝ ብለው ነው ከቤት የሚወጡት። ቃላቸውን የሚያጠኑት ጓሯቸው ውስጥ ቆመው እንደሆነ ነግረውን ስቀናል።

የምንቀርጸው ካዛንቺስ ውስጥ ሊፈርስ በተነገረለት አሮጌ ቤት ነበር። ሳሎኑንና የኋላውን ክፍል የሚለየው ሰፊ በር ተነቅሎ በቦታው ነጭ አቡጀዴ ከላይ እስከ ታች ተወጠረ። ከአቡጀዴው ጀርባ ፕሮጀክተር ተቀመጠ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈኑ ውጪ ፀሐይ እያለ ውስጡ ጨለማ ነው። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ጨርቁ ይጠፋና ግድግዳው ብርሃን ይሆናል። መጀመሪያ ቀን የራሴን ፊት እዚያ ላይ ሳየው ደነገጥኩ፤ ቅንድቤ ብቻ ክንዴን ያህላል።

ስንቀርጽ ግን እኔ ሳሎን ውስጥ አይደለሁም። በጓሮ ዞሮ የሚገባ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ካሜራ ፊት ለብቻዬ ተቀምጫለሁ። ፊቴ በኬብል ሄዶ ግድግዳው ላይ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጋሽ ሰይድን እንዳያቸው ከአቡጀዴው ሥር ትንሽ ካሜራ ተደብቋል፤ እሱ የሚያየውና የሚሰማው እኔ ፊት ባለ ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ይመጣል። የእኔ ድምፅ ሳሎን ውስጥ እንዳይረብሽ ተብሎ ጋሽ ሰይድ ጆሮ ውስጥ ባለች ማዳመጫ ብቻ ነው የሚገባው። ለፊልሙ በኋላ ለብቻው ይቀረጻል። ሚኪ ከጋሽ ሰይድ ጀርባ ቆሞ ይቀርጻል፤ የድምፅ ባለሙያው ቢኒያምም አጠገቡ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ያለ እሱ ነገሩ ስለማይገባችሁ ነው። ባጭሩ የጋሽ ሰይድን ፊት የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የእኔን ድምፅ የሚሰሙትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሚኪና ቢኒያም የሚታያቸው የእሳቸው ጀርባና የእኔ ግዙፍ ፊት ነው።

ልብሴም የራሱ ጣጣ ነበረው። መኪና ሲቆም መስታወቱ ላይ ከሚደረገው ብርማ የፀሐይ መከላከያ የተሰፋ ጃኬት ለብሻለሁ። አንገቴ ላይ ከፕላስቲክ ሳፋ ጠርዝ የተቆረጠ ቀለበት አለ፤ እንዳልነቃነቅና ከካሜራው እንዳልወጣ ተብሎ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በፕላስተር ተያይዟል።

ያን ቀን እሑድ ነው። የምንቀርጸው አባትየው ልጁ እንደማትመለስ የሚገባውን ቦታ ነበር። ጋሽ ሰይድ የሻይ ብርጭቆ ይዘው «ብሌን፣ እዚህ ዝናብ ጀምሯል። አንቺ ጋ ዝናብ አለ?» ይላሉ፤ ብሌን የእኔ ስም ነው በፊልሙ። እኔ ከጠበቅሁ በኋላ «እዚህ ሰማይ የለም፣ አባዬ» እላለሁ። አባት ምንም ሳይመልስ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ልጅቷ ትፈራና «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች። የተጻፈው እንዲህ ነው።

ሁለት ጊዜ ቀረጽነው። አንዴ የመኪና ጥሩምባ ገባበት፤ አንዴ እኔ ቸኩዬ መለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሚኪ ጀምሩ አለ።

ጋሽ ሰይድ ብርጭቋቸውን ያዙ። ዐይናቸውን አነሡ። «ብሌን፣ እዚህ ዝናብ» አሉ። «ጀምሯል» የሚለው ቃል ግን አልወጣም። የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ቃሉ እንደ ጭቃ ተድቦልቡሎ አፋቸው ውስጥ ቀረ። እኔ ለቅሶ እየታገላቸው መሰለኝ፤ ጥሩ ነው፣ ባለፈው እንዲህ አላደረጉም ብዬ አሰብኩ። ጠበቅሁ፤ ሥራዬ መጠበቅ ነበር።

ከዚያ ብርጭቆው ዘነበለ። ሻዩ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ገና የተቀዳ ትኩስ ሻይ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ታች እንኳን አላዩም። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ናት፤ ጠጋ ብዬ ላይ ብል የአንገቴ ቀለበት ያዘኝ። ካለሁበት ሆኜ ፊታቸውን አየሁ። አንዱ ወገን የማውቃቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። በሌላው ወገን ግን ጉንጫቸው ወርዷል፤ ከንፈራቸው ወደ ታች ተጎትቶ ምራቅ ይዟል።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፤ ገና ጨዋታው ውስጥ ነበርኩ መሰለኝ። ዐይናቸው ወደ እኔ መጣ። ሰምተውኛል።

«ጋሽ ሰይድ፣ አመመዎት?»

አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣ ነገር የለም።

ያኔ ጮህኩ። ሚኪን አቁም፣ ቢኒያምን ያዛቸው እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ። ሳሎን ውስጥ ምን እንደሆነ ኋላ ሚኪ ነገረኝ። ግድግዳውን የሚያህል ፊት ያለ ድምፅ ሲጮህ ነበር የሚያዩት። ዐይኔ ፈጧል፣ አፌ ይከፈታል ይዘጋል። ሚኪ እንዲህ ያለ ትወና በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ፣ እንዳይንቀሳቀስና እንዳያበላሸው ትንፋሹን እንደያዘ ነገረኝ። ቢኒያምም እንባ መጥቶበት ነበር። ጩኸቴ የሚደርሰው ጋሽ ሰይድ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነበር። እሳቸውም ሊነግሩልኝ አልቻሉም።

ማንም እንዳልተነቃነቀ በቴሌቪዥኑ ሳይ ማዳመጫው ትዝ አለኝ። ቀለበቱን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፤ ፕላስተሩ አልለቀቀም። ተንበርክኬ ከሥሩ ሾለክሁና በጓሮው በር ወጣሁ። ከጨለማ ስወጣ ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። ጓሮውን ዞሬ፣ በረንዳውን ወጥቼ የሳሎኑን በር ከፈትኩ። ከእኔ በፊት ግን ግድግዳው ነግሯቸዋል፤ ፊቴ ጠፍቶ የመኝታ ክፍሉ ባዶ ግድግዳ ብቻ ሲቀር ሚኪ ያኔ ነው ከካሜራው ቀና ያለው። ስገባ ጋሽ ሰይድ ከወንበሩ በጎናቸው እየተንሸራተቱ ነበር፤ ቢኒያም ደርሶ ያዛቸው።

ተሸክመን ወጣን። ሚኪ መንገድ ላይ ቆሞ ላዳ አስቆመ። ባለታክሲው አዛውንቱን አየ፣ የእኔን ብርማ ጃኬት አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ የኋላውን በር ከፈተ። ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር። ደህና በሆነው እጃቸው ጣቴን ይዘው አልለቀቁም። መንገድ ላይ ሰው በመስታወት እያየን ይሥቅ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ ሥቆ የሚያልፍ ነገር ነበር የምንመስለው።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ እንደጀመራቸው ነው። ሚኪ እኔን አየ። ቢኒያምም እኔን አየ። «ዝናብ ብለው ጀምሯል ማለት ሲያቅታቸው» አልኩ። ግራ ተጋባችና ከመጀመሪያው አስረዳኋት። ጽፋ ጨረሰችና ወደ ጭንቅላታቸው የሚሄድ ደም መዘጋቱን፣ ቶሎ መምጣታችን መልካም መሆኑን፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረችን።

ለቤተሰብ መንገር ነበረብን። ትልቁ ልጃቸው ዕቃ ሊያመጣ ከከተማ ወጥቷል፤ የታናሹ ስልክ አይነሣም። ሚኪ «ለእትዬ ዘይነባ አንቺ ብትነግሪ ይሻላል» አለኝ። ጃኬቱን አውልቄ ለቢኒያም ሰጠሁና ወደ ቂርቆስ ሄድኩ።

ሰው እየጠየቅሁ ግቢያቸውን አገኘሁት። እትዬ ዘይነባ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጡ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። እትዬ ዘይነባ እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አንገቴ ላይ ቀለበቱ የላጠው ቦታ ላይ ዐይናቸው ቆየ። ከዚያ የያዙትን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አደረጉ።

«አንቺ ነሽ ብሌን?»

ይህን ስም ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው።

«ከእሱ ነዋ። ጓሮ ቆሞ ሲያናግርሽ እሰማዋለሁ። ብሌን፣ የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመጪው ይላል። ሰንጋ ተራ ዋልኩ ይለኛል፤ የሰንጋ ተራው ወዳጁ ግን በዚህ ሲያልፍ ሰይድ ጠፋብኝ ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሴት ልጅ ስጠኝ ብዬ አላህን ስለምን፣ እሱ ለካ ደብቆ ወልዷል አልኩ።» እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «አንቺ ምን አደረግሽ? ምንም አላደረግሽኝም። ግቢ፤ በር ላይ አትቁሚ።»

እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሳስብ ከሁሉም በፊት የሚመጣብኝ ይህ ነው። የባላቸው ዲቃላ የመሰለቻቸውን ልጅ ግቢ አሉ።

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ብሌን የምትባል ልጅ እንደሌለች፣ ፊልም እንደሆነ፣ ሊያስደንቋቸው አስበው እንደነበር። ፊልም የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ታዲያ እሱ የት አለ አሉኝ። ታመው ሆስፒታል መሆናቸውን ነገርኳቸው።

«በሕይወት አለ?»

«አሉ።»

ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ታክሲ ውስጥ አንዴ ሣቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው፣ ብሌንን ከሰሙ ጊዜ ጀምሮ ከባላቸው ጋር እንዳልተነጋገሩ ተናገሩ። ምግብ ያቀርባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ቃል ግን አልሰጧቸውም። ጋሽ ሰይድ ምን ሆነሽ ነው ሲሏቸውም ዝም ብለዋል።

አልጋው አጠገብ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ዐይናቸውን ከፍተው ነበር። እትዬ ዘይነባ ደህናውን እጃቸውን ይዘው በስማቸው ጠሯቸው። ጋሽ ሰይድ ታገሉ፤ ግንባራቸው ላይ ደም ሥር ወጣ።

«ዝናብ» አሉ።

ውጪ በጋ ነው፤ ደመና እንኳን የለም። እትዬ ዘይነባ ዞረው አዩኝ። ስንቀርጽ ከአፋቸው የወጣው የመጨረሻ ቃል እሱ እንደነበር ነገርኳቸው። ሐኪሟ ኋላ እንዳስረዳችን አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲመታ አንድ ቃል ብቻ ይተርፈዋል፤ ሊል የፈለገው ሌላ ቢሆንም የሚወጣው እሱ ነው። ጋሽ ሰይድ የተረፋቸው «ዝናብ» ነበር። ለውሃም ዝናብ፣ ለእምቢታም ዝናብ፣ ልጆቻቸው ሲመጡም ዝናብ። ለብዙ ሳምንታት በአንድ ቃል ኖሩ። እትዬ ዘይነባ ከድምፃቸው አነሣሥ የትኛው ዝናብ እንደሆነ መለየት ቻሉ፤ ልጆቹ እንኳን እናታቸውን እየጠየቁ ነበር የሚረዷቸው።

ጋሽ ሰይድ ቤታቸው ከገቡ በኋላ አንድ ቀን ሚኪ ወደ መሥሪያ ቤቴ መጣ። ካሜራውን ማንም ሳያጠፋው ስለወጣን ሁሉም ተቀርጿል። ሲያየው ሰንብቷል። «ከሠራነው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው» አለኝ፤ ሲለው ግን ዐይኔን አላየኝም። ፊልሙ ውስጥ ልናስገባው ብንፈልግ መጠየቅ ያለብን እነሱን ነው ተባባልን። ካሴቱን ይዘን ቂርቆስ ሄድን።

ሁለቱም ልጆቻቸው ነበሩ። የምንለውን ሲሰማ ትልቁ በጣም ተቆጣ፤ አባታችን ሲወድቅ ለሕዝብ ልታሳዩ ነው ወይ አለን። ጋሽ ሰይድ በደህናው እጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ፤ ማየት ይፈልጋሉ። ከፈትነው።

ስክሪኑ ላይ የጋሽ ሰይድ ጀርባና ትከሻ አለ፤ ከፊታቸው የእኔ ፊት። ድምፃቸው ይሰማል፤ «ብሌን፣ እዚህ ዝናብ» ይላል፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ያ ያልወጣ ቃል፣ ከዚያ ዝምታ። ብርጭቆው ሲዘነብል አይታይም። የሚታየው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ስጠብቅ፣ ከዚያ ዐይኔ ሲጠብ፣ ከዚያ ያለ ድምፅ ስጮህ። ፊቴ ይጠፋል። ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ወንበር ይወድቃል፣ በር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው።

ጋሽ ሰይድ እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ እኔን እያመለከቱ ጠንከር አድርገው «ዝናብ» አሉ። ሁላችንም እትዬ ዘይነባን አየን።

«ይግባ ነው የሚለው» አሉ። ትልቁ ልጅ ሊናገር ሲል ጋሽ ሰይድ ደገሙት፤ እሱም ተወው።

እትዬ ዘይነባ ግን ቴሌቪዥኑን አልተዉትም። ወደ ኋላ እንድመልሰው ጠየቁኝ። መለስኩት። እንደገና አዩና «ፊቱ የት አለ?» አሉ። ሚኪ የቀረጸው ከኋላ እንደሆነ፣ ፊታቸውን እኔ በትንሽ ካሜራ አይ እንደነበር ነገርኳቸው። ያቺ ትንሽ ካሜራስ አሉኝ። እሷ ለእኔ ለማሳየት ብቻ ነበረች፤ አልቀዳችም። ፊታቸውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም አልፏል። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሻይ ይዘውልን መጡ።

ፊልሙ አለቀ። ሚኪ ቀሪውን አባትየው የማይናገር አድርጎ ጻፈውና ጋሽ ሰይድ ተሽለው መጥተው ተጫወቱት። በአንድ ሲኒማ ቤት ለጥቂት ጊዜ ታየ፤ ያየው ሰው ብዙ አልነበረም። ያዩት ግን ሁሉ ስለዚያ ቦታ ያወሩ ነበር፤ ልጅቷ እንዴት ተጫወተችው ይላሉ። ሌሎች ዳይሬክተሮች ሊያሠሩኝ ፈለጉ። አንዱ ጋ ሄጄ ሞከርኩ። «እንደዚያች ፊት አድርጊልኝ» አለኝ። ካሜራው ፊት ቆምኩ፤ ዐይኔን ማፍጠጥ፣ አፌን መክፈት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። አላደረግሁትም። ሰው ያጨበጨበለት፣ ሰው እየሞተ ነው ብሎ ሲጮህ ያልተሰማ ፊት ነበር። እሱን መድገም አልፈለግሁም። ስለዚህ ነው አልሆነልኝም የምላችሁ።

የሠርጉን ሥራም ከጊዜ በኋላ ተውኩት። አሁን የምሠራው ሰው ብዙ የማያውቀው ሥራ ነው። ልጆች ይደውሉልኛል፤ እኔ ወደ እናታቸው ወይ ወደ አባታቸው ቤት ሄጄ ፊት ለፊት ተቀምጬ እቀርጻለሁ። ጥያቄ አልበዛም፣ ዘፈን አልጨምርም። መጀመሪያ የቀረጽኳቸው ጋሽ ሰይድን ከነእትዬ ዘይነባ ነው፤ ጥቂት ቃላት ከተመለሱላቸው በኋላ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያኔ ሚኪ በአቡጀዴ የወጠረው ነገር ዛሬ እናንተ ኪስ ውስጥ አለ። ካዛንቺስ ውስጥ ያ ቤት ፈርሷል፤ በሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ብርቅ አይደለም። ከሩቅ ካለ ሰው ጋር እያያችሁት ታወራላችሁ፤ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው ትላላችሁ። ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ግን ፊቱን እዩት፤ ሁለቱንም ወገን። ቃሉ ተሰባብሮ ከወጣ፣ እጁ የያዘውን ከጣለ አትጠብቁ። እኔ የምመክረው ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ትምህርት አልወጣልኝም።

ጋሽ ሰይድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤታቸው፣ በሰላም ዐረፉ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እትዬ ዘይነባን ልጠይቅ ሄድኩ። ብቻችንን ነበርን። አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ዓመታቱን ሙሉ ይዘውት እንደኖሩ ከድምፃቸው ገባኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ደህና ዋል ሳልለው ነው የወጣው። አንቺ ፊቱን አይተሻል። አዝኖብኝ ነበር?»

ከዚያ በፊት ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር፤ ደብቄው ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ሦስተኛውን ከመቅረጻችን በፊት ሚኪ መብራት ሲያስተካክል ጋሽ ሰይድ ወደ ትንሿ ካሜራ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ አናግረውኝ ነበር። ዘይነባ አኩርፋኛለች፣ ምክንያቱን አላወቅሁም፣ ሲኒማውን አልጠብቅም፣ ዛሬ ማታ ሁሉንም እነግራታለሁ አሉኝ። እንዴት እንደምጀምርላት ብቻ አላውቅም ብለው ሣቁ። በዚያ ሣቅ ላይ ነው ሚኪ ጀምሩ ያለው።

ይህን ነገርኳቸው። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ሊነግረኝ ነበር?»

«ሊነግሩዎት ነበር።»

«ያን ማታ?»

«ያን ማታ።»

ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ ክፍሉ ታፍኖ ነበር። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «እንዴት እንደሚጀምር አላወቀም» አሉ። «ዝም ብሎ ቢጀምር ኖሮ እሰማው ነበር።»